ሁለት እጅ የጎደለው ኦክቶፐስ

ባለፈው እሑድ ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን አንድ የድሮ ፊልም እያየን ነበር። በ1955 የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ግዙፍ ኦክቶፐስ ከባሕር ይወጣና የሳን ፍራንሲስኮውን ትልቅ ድልድይ ይጠመጠምበታል። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው። በዘመኑ ኢፌክት ስላደገ በቀላሉ አይደነግጥም። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «አጎቴ፣ እጁ ስድስት ነው እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ስድስት ነው። ኦክቶፐስ ስምንት እጅ እንዳለው ፊልሙን የሠሩት ሰዎችም ያውቃሉ። ለስምንት የሚበቃ ገንዘብ ግን አልነበራቸውም።

ይህን ሳስረዳው ልጁ ከድልድዩ መፍረስ ይልቅ በዚህ ተገረመ። ኦክቶፐሱን ያንቀሳቀሰው ሬይ ሃሪሃውሰን የሚባል ሰው ነው። ከብረት አጥንትና ከጎማ ቆዳ ትንሽ ሞዴል ይሠራል። ሞዴሉን በጣቱ ጥቂት ያንቀሳቅስና አንድ ፎቶ ያነሳል። ደግሞ ጥቂት ያንቀሳቅሳል፤ ደግሞ ያነሳል። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፎቶ ይፈልጋል። ስምንት እጅ ካለ ለአንዷ ሰከንድ 192 ጊዜ እጅ ማስተካከል ነው። በስድስት እጅ 144 ይሆናል። የሞዴሉ ወጪም ይቀንሳል፣ የሥራው ቀንም ያጥራል። የቀሩት ሁለቱ ውሃ ውስጥ እንዳሉ ተደርጎ ታለፈ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሰው ሳይቆጥር አይቶታል።

እነዚህን ፊልሞች የምወዳቸው ለዚህ ነው። «ቀሽም» ብለን የምናልፈው ነገር ከጀርባው ሒሳብ አለው። ሒሳቡን ያወቀ ሰው በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ያያል። አንዱ ጭራቅ ከተማ ሲያፈርስ ነው። ሌላው ጥቂት ሰዎች በማይበቃ ገንዘብ ጭራቅ ለመሥራት ሲፍጨረጨሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይበልጣል።

ለመሆኑ በ1950ዎቹ አሜሪካ ይሄ ሁሉ ርካሽ የጭራቅ ፊልም ከየት መጣ? ነገሩ የሚጀምረው ፍርድ ቤት ነው። ትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ፊልም መሥራት ብቻ ሳይሆን ብዙ ሲኒማ ቤትም ነበራቸው። የራሳቸውን ፊልም በራሳቸው ቤት ያሳያሉ። ሌላው ባለ ሲኒማ ቤት ደግሞ የሚፈልገውን ፊልም ለማግኘት የማይፈልገውንም አብሮ በጅምላ እንዲወስድ ይገደዳል። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን አሠራር አፈረሰው፤ ስቱዲዮዎቹም ሲኒማ ቤቶቻቸውን ወደ መሸጥ ገቡ። በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፣ አዋቂውም ሶፋው ላይ ቀረ። ስቱዲዮዎቹ ጥቂት ግን ትልልቅ ፊልም መሥራት ያዙ። ሲኒማ ቤቶች ግን በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይፈልጋሉ። ማን ያምጣላቸው?

በሌላ በኩል የአባቱን መኪና ይዞ ከቤት መውጣት የሚፈልግ ወጣት ነበረ። ለሱ ድራይቭ-ኢን አለ። ሜዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ይተከላል፣ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ያያል (ማየቱ ዋናው ጉዳይ ላልሆነላቸው ጥንዶችም ይመቻል)። አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የሚባለው ኩባንያ እንጀራውን የጋገረው በዚህ ወጣት ነው። አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነበር። መጀመሪያ ርዕስ ይወጣል። ከዚያ ፖስተር ይሳላል። ባለ ሲኒማ ቤቶቹ ፖስተሩን ከወደዱት ያኔ ድርሰት ይጻፋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ፖስተሩ ላይ ያለው ጭራቅ ፊልሙ ውስጥ ካለው ሁልጊዜ የሚገዝፈውም ለዚህ ነው፤ ቀለም ርካሽ ነው፣ ጎማ ግን ውድ ነው።

የዚህ ሠፈር አለቃ ሮጀር ኮርማን ነበር። በ2024 በ98 ዓመቱ ነው ያረፈው። ስታንፎርድ ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ነው፤ ፊልምንም እንደ ፋብሪካ ነበር የሚያየው። በ1960 ሰው ስለሚበላ የአበባ ተክል የሠራውን ፊልም ዋና ቀረጻ የጨረሰው በሁለት ቀን ነው፤ ያውም ለሌላ ፊልም ተሠርቶ ሳይፈርስ በተገኘ የመቅረጫ ቤት ውስጥ። ጥርሱ ሲነቀል የሚደሰተው በሽተኛ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ የሚለው ልጅ በኋላ ዝነኛ ተዋናይ የሆነው ጃክ ኒኮልሰን ነው።

ከኮርማን ታሪኮች ሁሉ የምወደው ግን የ1956ቱን ነው። ከቬነስ የመጣ ፍጡር ዓለምን ሊገዛ ይነሳል። ኮርማን እንደ ኢንጂነር አሰበ። ስበቱ ከባድ ከሆነ ፕላኔት የመጣ ፍጡር ቁመቱ አጭር፣ መሬት ላይ የተጠበጠበ መሆን አለበት አለ። ፖል ብሌይዝደል የሚባለው የጭራቅ ሠሪው በዚሁ ሐሳብ ሠራው። የቀረጻው ቀን ዋናዋ ተዋናይት ቤቨርሊ ጋርላንድ መጣች። ፍጡሩን ቁልቁል አየችው። «ዓለምን ልትገዛ የመጣኸው አንተ ነህ?» ብላ በእግሯ መታችው። ጭራቁ በዚያው ጭንቅላቱ ተቀጥሎለት ረዘመ። ኮርማንም ጭራቅ ከዋናዋ ተዋናይት ማጠር እንደሌለበት ያን ቀን ተማርኩ ይል ነበር። (በነገራችን ላይ የቬነስ ስበት ከመሬት ስበት በትንሹ ያነሰ ነው። ሒሳቡም ልክ አልነበረም።)

ኮርማን ገንዘብ ሳይኖረው ሰው አሠልጥኗል። ዝነኞቹ ዳይሬክተሮች ኮፖላ፣ ስኮርሴዚ፣ ጄምስ ካሜሩን ሁሉም በእጁ አልፈዋል። ካሜሩን በ1980 የኮርማንን የጠፈር መርከብ ሞዴሎች ሲሠራ የነበረ ልጅ ነው። ዛሬ የዓለምን ውድ ውድ ፊልሞች የሚሠራው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልመለስ። የእህቴ ልጅ በጣም የጠየቀኝ ስለ እሱ ነው።

በ1958 አንዲት ሴት ቁመቷ 50 ጫማ (15 ሜትር ገደማ) ይሆንና ባሏን ፍለጋ ከተማ የምትገባበት ፊልም አለ። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሴትዮዋ መስታወት ትመስላለች፤ ከኋላዋ ያለው ኮረብታ በሆዷ በኩል ይታያል። ይሄ የሆነው ሁለት ምስል አንድ ፊልም ላይ ስለተደራረበ ነው። አንዱ ኮረብታው ነው፣ ሌላው ሴትዮዋ። ፊልም የሚያውቀው ብርሃን መደመር ብቻ ነው። የሷ ብርሃን ከኮረብታው ብርሃን ላይ ይደመራል እንጂ አይሸፍነውም። ለመሸፈን የሷን ቅርጽ የያዘ ጥቁር ጭንብል ተሠርቶ በዚያ ቦታ ያለው የኮረብታ ምስል አስቀድሞ መጥፋት አለበት። ይህ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ ገንዘብ ይፈልጋል። እሷ ግን መንፈስ መስላ ባሏን ፍለጋ ሄደች።

ትንንሽ ሞዴሎች ለምን መጫወቻ እንደሚመስሉም ቀላል ፊዚክስ ነው። ከፎቅ የወደቀ ጡብ መሬት ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። ፎቁን 16 ጊዜ አሳንሳችሁ በሞዴል ብትሠሩት ፍርስራሹ በአራት እጥፍ ቶሎ ይወድቃል። ዓይናችን ይሄን ሳይነገረው ያውቃል። ትንሽ ነገር ቶሎ ነው የሚወድቀው። ማታለል የፈለገ ካሜራውን በአራት እጥፍ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 96 ፎቶ፣ ቀርጾ በ24 ማሳየት አለበት። ያኔ አወዳደቁ ይዘገያል፣ ሕንጻውም ክብደት ያገኛል። ግን አራት እጥፍ ፊልም ይበላል፤ መብራቱም አራት እጥፍ መሆን አለበት። ድሃው ፕሮዲዩሰር በተለመደው ፍጥነት ይቀርጻል። ከተማው እንደ ክብሪት ሳጥን ክምር ይናዳል። ውሃ ካለበትማ ጭራሽ አታንሱት። ጠብታን ማሳነስ አይቻልም።

የአንበጣው ግን ከሁሉም ይብሳል። በ1957 በርት ጎርደን የሚባል ዳይሬክተር በጨረር ያደገ እህል በልተው የገዘፉ አንበጦች ቺካጎን ሲወሩ አሳየ። የአንበጣ ጭራቅ መሥራት ስለሚወደድ የሕንጻ ፎቶ አንስቶ አስፋው። እውነተኛ አንበጦች እላዩ ላይ እንዲሄዱ አደረገ። አንበጦቹ ፎቅ ሲወጡ ያምራሉ። አንዳንዱ ግን ሕንጻው ካለቀ በኋላም መውጣቱን አያቆምም። ሰማዩን ረግጦ ይሄዳል። ልጁ እዚህ ጋ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ አየው። እኔ ደግሞ የአንበጣ መንጋ ምን እንደሆነ ከምናውቅ ሰዎች አገር ስለሆንኩ ሌላ ነገር አሰብኩ። አንበጣ ለማስፈራት መግዘፍ አያስፈልገውም። በ2020 የመጣውን ያየ ገበሬ ይመስክር።

ደግሞስ ቢፈልግ መግዘፍ ይችላል? አይችልም። አንድ ነፍሳት ርዝመቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ሺህ እጥፍ ይሆናል፤ በርዝመትም በወርድም በከፍታም ስላደገ። የእግሩ ውፍረት፣ ማለትም ክብደቱን የሚሸከመው ስፋት፣ የሚያድገው ግን መቶ እጥፍ ብቻ ነው። ከውፍረቱ አንጻር እያንዳንዱ እግር አሥር እጥፍ ሸክም ይወድቅበታል። አንበጣውን የአውቶቡስ ያህል ብታደርጉት ቺካጎ ሳይደርስ እግሩ ይሰበራል። ጋሊሊዮ በ1638 ይህን ጽፎታል። የድርሰቶቹ ጸሐፊዎች አላነበቡትም፣ ወይም አንብበው ዝም አሉ።

ግን እውነተኛ ፍርሃትም ነበረ። ሶቭየት ኅብረት በ1949 አቶም ቦምብ ሞከረች። በ1954 መጋቢት ላይ አሜሪካ ቢኪኒ በሚባለው የፓስፊክ ደሴት ላይ ያፈነዳችው ሃይድሮጂን ቦምብ ሩቅ የነበረ የጃፓን አሳ አጥማጅ ጀልባ ላይ አመድ አዘነበ። በዚያው ዓመት የጃፓኑ የፊልም ጭራቅ ጎድዚላ ከባሕር ወጣ። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይዳሰስም። ለፊልም ሠሪ አስቸጋሪ ጠላት ነው። ስለዚህ እግር አወጡለት፣ ጥርስ አበጁለት።

ገንዘብ ማጣቱ ግን አንዳንዴ ከእግርና ከጥርስ የተሻለ ነገር አምጥቷል። በ1956 ዶን ሲጀል በሠራው ፊልም ጭራቁ ሰው ነው። በአንዲት ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ አንድ ልጅ «እናቴ እናቴ አይደለችም» እያለ ያለቅሳል። አንዲት ሴት ደግሞ አጎቷን እያየች እሱ እንዳልሆነ ትናገራለች። መልኩ ያው ነው፣ ድምፁ ያው ነው፣ ትዝታው ያው ነው። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ነገር ብቻ ጠፍቷል። ለእነዚህ ትዕይንቶች ምንም ጎማ አያስፈልግም፣ ምንም ሜካፕ አያስፈልግም። ተዋናዩን «ፈገግታህን ተው» ማለት ብቻ ነው። አንዳንዱ ስለ ኮሙኒስቶች ነው አለ፣ ሌላው ኮሙኒስት አሳዳጆቹን ነው የሚያወራው አለ። ሰፈር ሁሉ ተለውጦ ብቻውን የቀረ ሰው ላለበት አገር ሁሉ ይሠራል ብዬ ነው የማስበው። ፊልሙ መንገድ ላይ መኪና እያስቆመ በሚጮህ ሰው እንዲያልቅ ነበር የታሰበው። ስቱዲዮው ፈራና መግቢያና መዝጊያ ቀጠለበት፤ መጨረሻ ላይ ሐኪሞቹ ሰውየውን አመኑት፣ ፖሊስ ተጠራ። ቀሽሙ ቦታ ያ የተቀጠለው ነው።

አሁን ስለ ሳቁ ላውራ። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ፊልም ዝም ብሎ አያይም። እንጨት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ ከኋላ አንዱ ሙድ ይይዛል፣ ሁላችንም እናልቃለን። ስክሪኑን መስደብ፣ አክተሩን ማስጠንቀቅ፣ ገመዱ ሲታይ መጮህ የፊልሙ ግማሽ ነበር። የድሮ ርካሽ ፊልም ለዚህ የተመቸ ነው። ዝም አስብሎ አያደነዝዝህም፣ ቦታ ይተውልሃል።

ግን ሳቁ የሚጥመው ሠሪዎቹ የምራቸውን ከሆነ ነው። በ1953 አንድ የጨረቃ ሮቦት ፊልም ተሠራ። የሮቦት ልብስ ማሠራት አልተቻለም፤ ዳይሬክተሩ የራሱ የጎሪላ ልብስ ያለው ተዋናይ ያውቅ ነበር። የጎሪላው ጭንቅላት ላይ የጠላቂ ዋናተኛ ቆብ ደፉበት። በቃ፣ ሮቦት። አራት ቀን ቀረጹት። ሙዚቃውን የሠራው ግን በኋላ ኦስካር የበላው ኤልመር በርንስታይን ነው፤ ሙዚቃው ምንም ቀልድ የለበትም። ጎሪላውም ቢሆን ሰዎችን መግደል አለብኝ ወይስ የለብኝም እያለ ከልቡ ይጨነቃል። ኤድ ዉድ የሚባለው ዳይሬክተር ደግሞ በድራኩላ ፊልም የታወቀውን ተዋናይ ቤላ ሉጎሲን ለጥቂት ደቂቃ ቀርጾት ነበር፤ ሉጎሲ በ1956 ሞተ። ዉድ ፊልሙን አልተወም። የሚስቱን ካይሮፕራክተር፣ በኛ ወጌሻ ብንለው ብዙ አይርቅም፣ ካባ አልብሶ ፊቱን ሸፍኖ አስገባው። ሰውየው ከሉጎሲ በጣም ይረዝማል። ፊልሙ በኋላ «የዓለማችን መጥፎ ፊልም» የሚል ሽልማት አገኘ። እኔ አልስማማም። መጥፎ ፊልም ማለት አሰልቺ ፊልም ነው፤ ይሄ አያሰለችም።

ዛሬ አውቀው ቀሽም ፊልም የሚሠሩ አሉ። ሻርክ ከሰማይ ያዘንባሉ፣ ከዚያ በዓይናቸው ይጠቅሱናል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እነሱንም ብንስቅባቸው አይሰማቸውም። ሳቁ የታለ ታዲያ?

ሐቁን መደበቅ ግን አልፈልግም። የነዚህ ፊልሞች አብዛኛው ያስተኛል። ጭራቁ የሚታየው አምስት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ሰዓት ሳይንቲስቶች ቢሮ ቁጭ ብለው ስልክ ያወራሉ፤ ከወታደራዊ ዜና የተቀነጨበ ታንክ ያልፋል። ወሬ ርካሽ ነው። እኔም ብዙዎቹን ወሬ ወሬውን እያሳለፍኩ ነው የማያቸው።

ከወሬ ያመለጠው የ1968ቱ የፒትስበርጉ ፊልም ነው። ጆርጅ ሮሜሮና ጓደኞቹ ማስታወቂያ የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። 114 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር ያወጡት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሙታን ይነሳሉ፤ አንድ ቤት ውስጥ የተሸሸጉትን ሰዎች የሚመራው ዱዌን ጆንስ የሚባል ጥቁር ተዋናይ ነው። ቪዲዮ ቤት አንድ ሕግ ነበረን፤ አክተር አይሞትም። እዚህ አክተሩ ሌሊቱን ሙሉ ተዋግቶ ይተርፋል። ጠዋት ነፍስ አድን ተብለው የመጡ ነጮች ከሩቅ አይተው በጥይት ይመቱታል። መጨረሻውን ቀይሩ ያላቸው አከፋፋይ ነበር፤ እምቢ አሉ። እምቢ ማለት የቻሉት የሲጀል ፊልም ላይ ያንን ቅጣይ ያስገደደው ዓይነት ስቱዲዮ ስላልነበራቸው ነው። ድህነቱ እዚህ ጠቀመ።

በሌላ በኩል ጎድቷቸዋል። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲለውጥ የባለቤትነት መብት ምልክቱ አብሮ ወደቀ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ ምልክት የሌለው ፊልም የሁሉም ሰው ነው። ማንም ገልብጦ ሸጠው፣ ማንም ጣቢያ በነጻ አሳየው። ሠሪዎቹ ገንዘቡን አጡ፤ ፊልሙ ግን ዓለምን አዳረሰ። ሌሎች ብዙ የዚያ ዘመን ፊልሞችም ባለቤቶቻቸው መብቱን ሳያስመዘግቡ ወይም ሳያሳድሱ ስለቀሩ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ በነጻና በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ። የኮርማን ሰው በላ አበባም አንዱ ነው።

ይህ ዓይነት ፊልም እኛም ጋ ደርሷል። በ2015 አዲስ አበባ ይኖር የነበረው ስፔናዊ ሚጌል ያንሶ «ክረምብስ»ን እዚሁ ቀረጸ። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይጫወታሉ። ዓለም ካለቀች በኋላ ነው፤ ሰማይ ላይ አንድ የዛገ የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሏል፣ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ወርቅ ይከበራል። ሌላ ፕላኔት ለመሥራት ሚሊዮን ዶላር አላስፈለገውም፤ ዳሎል አለ።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ግን እኔ የምሰጠው የ1958ቱን ቀይ ዝልግልግ ነው፤ «ዘ ብሎብ»። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ መንፈሳዊ ፊልም ይሠሩ በነበሩ ሰዎች ነው የተሠራው። ስቲቭ ማክዊን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋና ተዋናይ የሆነበት ነው። ጭራቁ ቀይ ቀለም የገባበት ሲሊኮን ነው። እንዴት ግድግዳ እንደሚወጣ ለልጁ አሳየሁት። ትንሽ የቤት ሞዴል ይሠሩና ካሜራውን ከሞዴሉ ጋር ያስሩታል። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘነብሏቸዋል። ካሜራው አብሮ ስላዘነበለ ቤቱ ቀጥ ያለ ይመስላል። ሲሊኮኑ ወደ ታች ሲፈስ ስክሪኑ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ልጁ ወዲያው ስልኬን ከጫማ ካርቶን ጋር በፕላስተር አሰረና ማር ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ።

ፊልሙ ውስጥ ሰዎች ከሲኒማ ቤት እየጮሁ የሚሮጡበት ቦታ አለ። ያ ሲኒማ ቤት ፊኒክስቪል ከተማ ውስጥ እስካሁን ይሠራል፤ በየዓመቱ ሐምሌ ገደማ ሰዎች ተሰብስበው እየጮሁ ከበሩ ይሮጣሉ። ሲሊኮኑም ከዓመታት በኋላ ለበዓሉ እየመጣ ይታይ ነበር፤ በባልዲው ውስጥ፣ ሳይደርቅ።